ከበሩ ኋላ የነበረው ጀሪካን

ባለፈው ሰሞን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ መቀሌ ውስጥ ከሮማናት አደባባይ አለፍ ብሎ ባለው ቁልቁለት ወደ ቤቴ ስወርድ አንዲት አሮጊት አየሁ። መንገዱ ዳር፣ ቦዩን ከሸፈኑት የሲሚንቶ ክዳኖች አንዱ ተሰንጥቆ ቀጭን ውሃ ያወጣል። ውሃው ለዐይን ጥሩ ነው፤ ድፍርስ አይደለም። አሮጊቷ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው ጎንበስ ብለዋል። በጣታቸው ጫፍ ውሃውን ይነኩና ያማትባሉ፤ ሞራ የያዘውን ዐይናቸውን ይዳብሱበታል። ሰው በአጠገባቸው እየተጣደፈ ያልፋል፤ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፤ እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳሉ ነው። ነፋሱ ወደ እኔ ሲዞር ሽታው መጣ። የሳሙና ሽታ ነው። ከሳሙናው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፣ ሳሙናው የሚደብቀው። እግሬ ሳላዘው ቆመ። እጄም ሳላዘው ወደ ጎኔ ሄደ፣ የትንሽ ልጅ እጅ ሊፈልግ። ልጄ ከድጃ ግን ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ በዚያ ሰዓት ከልብስ ፋብሪካው ወጥታ ሰርቪስ እየጠበቀች ነበር። የእኔ እጅ የሚፈልገው የአራት ዓመቷን ከድጃ ነው።

ወደ መቀሌ የመጣሁት ባሌን ሰዒድን ተከትዬ ከወሎ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር። ዓመቱን ለሚያውቁት እተወዋለሁ፤ እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ የማስታውሰው የለበስኩትን ነው። አበባ የበዛበት የተትረን ቀሚስ፣ አረንጓዴ ሻሽ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚያቃጥል ኮንጎ ጫማ። ሰዒድ ገበያው ዳር ሰልባጅ ይሸጥ ነበር። ጠዋት ሸራውን ሲዘረጋ ሱሪው ከሱሪ፣ ሹራቡ ከሹራብ ተቆላልፎ ይወጣል፤ እሱም እንደ አንጀት እየጎተተ ይለያየዋል። ከጎኑ ካሴት ቤት አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ክራር ነው። ቋንቋውን ሳላውቀው ዘፈኑን ዐወቅኩት። ሻይ በሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ዳቦው ከእጅ መዳፍ ይሰፋ ነበር። መኪና ጥቂት ነው፤ የምንሄደው በፈረስ ጋሪ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ባለጋሪው ወርዶ ፈረሱን በልጓሙ ይዞ ይመራዋል። ዛሬ ከድጃ ከጓደኞቿ ጋር ማኪያቶ የምትጠጣበት የሓወልቲ ሰፈር ያኔ ለእኔ ነፋስ ነበር። ከዚያ በኩል ነፋስ ይመጣል፤ ከነፋሱ ሌላ ነገር ያለበት አይመስለኝም ነበር።

ቤታችን ወንዙ አጠገብ ነው። ትንሽ ወንዝ ነው፤ በካርታ ላይ መኖሩን እንጃ። የሰፈሩ ሰው ማይ ጽባሕ ይለዋል፤ የማለዳ ውሃ ማለት ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ማለዳ ልብስ የሚያጥቡት እዚያ ስለሆነ። ሳሙና ያላት በሳሙና፣ የሌላት በእንዶድ። ትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉት፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷ ድንጋይ አላት፤ የሌላዋ ላይ መቀመጥ ያጣላል። ማታ ማታ እንቁራሪቶቹ ይጮኻሉ፤ ከድጃ ያለ እነሱ ጩኸት አትተኛም ነበር። ከአፋር ጨው የሚያመጡ ግመሎችም ወደ ገበያ ከመግባታቸው በፊት እዚያ ይጠጡ ነበር። ግመል ሲጠጣ አንገቱ ላይ ውሃው ሲወርድ ይታያል። ልጆች ያንን ለማየት ይሰለፋሉ።

ድንጋይ የሰጠችኝ ኣደይ ለተብርሃን ናት። ጎረቤታችን ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ርቀው የሄዱባት፣ ረጅም ሴት። እዚህ ትልቅ ሴትን ኣደይ ነው የምንለው፣ እናቴ እንደማለት። ቋንቋ ሳልችል በእጅ እያሳየች ገበያ አስለመደችኝ፤ ከድጃን ስወልድ ወገቤን የያዘችኝ እሷ ናት። እስላም ነሽ ክርስቲያን ነሽ አላለችኝም። ድንጋይዋን ከሁለት ከፍላ፣ «ግማሹ ያንቺ ነው፣ ጓለይ» አለችኝ። ጓለይ ልጄ ማለት ነው። እኔም ኣደይ እያልኩ በአንቱታ ስጠራት ትስቅብኝ ነበር፤ አሁን ስጽፍ ግን አንቺ ማለቱ ይቀለኛል፤ እናት አንቺ ናትና።

አንድ ነገር ግን አይገባትም ነበር፤ ውሃ ማፍላቴ። ከከድጃ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ወሎ ሳለን፣ ጡት እንዳስጣልኩት፣ ሆዱን ታሞ ሞተብኝ። ክሊኒክ የነበረችው ነርስ «ውሃውን አፍልተሽዋል?» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ ያልፈላ ውሃ በቤቴ አልተጠጣም። የቦኖውንም አፈላለሁ፤ የዝናቡንም አፈላለሁ። ወንዝ ላይ ንግስቲ የምትባል ልብስ እያጠበች የምትኖር ቀልደኛ ነበረች፤ ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት። ዘሃራ ፍሉሕ። የፈላችው ዘሃራ። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ስም ጠራኝ።

ጥር ሊገባ ሲል ነው። ብርዱ የጣት ጫፍ ይቆርጣል። ወንዙ እንደ ልማዱ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ሆኗል። አንድ ማለዳ ኣደይ ለተብርሃን በሬን መታች።

«ዘሃራ፣ ጓለይ! ተነሺ! ነይና እዪ!»

ወረድን። ከእኔና ከእሷ ድንጋይ ሥር ውሃ ይፈልቃል። ደረቅ ወር፣ ዝናብ የለ፤ ውሃው ግን ከጠጠሩ መሀል ሳይቸኩል ይወጣል። እንፋሎት አለው። እጄን ሰደድኩ፤ ሞቃት ነው፤ እንደ ሰው ገላ ሞቃት። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ቆመዋል። ማንም አይናገርም። ንግስቲ ብቻ ናት እኔን ስታይ ምላሷን መያዝ ያልቻለችው።

«ዋይ፣ ዘሃራ ፍሉሕ! ይሄኛውስ ከነሙቀቱ መጣልሽ፤ ማገዶ ተረፈሽ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ሳቁና አፋቸውን ያዙ።

ጠበል ነው ተባለ። ጥምቀት ደርሷል፤ ውሃው ሞቃት ነው፤ ሽታ አለው፤ ሽታ ያለው ፍል ውሃ ደግሞ መድኃኒት እንደሆነ በእኛም አገር በእነሱም አገር ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ግን ሰውን ያስደነገጠው መሙላቱ ነበር። ማለዳ ይሞላል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ይጎድላል፤ ማታ ተመልሶ ይሞላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ውሎ ሙሉ ሳይሞላ ይቀራል። እንደተኛ ሰው ደረት ነው። ክርስቲያኖቹ ኪዳን ሲደረስ ነው የሚሞላው አሉ። ሰዒድ ደግሞ ከሱብሒና ከመግሪብ ጋር ነው አለ። ሁሉም በየሃይማኖቱ ሰዓት አገኘለት። ሌላ ነገር ያሰበ አልነበረም፤ ከየት ያስብ? ሽንት ቤት ለእኛ ጉድጓድ ነው፤ ከላዩ እንጨት፣ ዙሪያው ቆርቆሮ። ገብተህ ትወጣለህ፣ እዚያው ይቀራል። ከላይ ኮረብታው ላይ አዳዲስ ፎቆች ተሠርተው ነበር፤ ውስጣቸው ውሃ እየተለቀቀበት የሚታጠብ መቀመጫ እንዳለ እንሰማለን። የታጠበው የት እንደሚሄድ ግን የጠየቀ የለም። ቆሻሻ ጠርቶ፣ ሞቆ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ከድንጋይ ሥር ይወጣል ብሎ ማን ያስባል?

እኔም አላሰብኩም። እኔ የፈራሁት እንቁራሪቶቹ ዝም ስላሉ ነው። ምንጩ በፈለቀ ሰሞን አንድ ማታ ከድጃ አልተኛ አለችኝ። ምን ሆንሽ ስላት፣ «እንቁራሪቶቹ የት ሄዱ?» አለች። ያኔ ነው ዝምታውን የሰማሁት። ከዚያ ደግሞ ግመሎቹ። ጨው ጭነው መጡ፤ የመጀመሪያው አንገቱን ዘረጋ፣ ከንፈሩን ወደ ውሃው አወረደ፣ ቀና አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ነጂው በዱላ ቢመታቸው፣ ቢለማመጣቸው፣ ያን ሁሉ በረሃ በጥም አቋርጠው የመጡ ከብቶች ውሃውን አልፈው ሄዱ። «ግመል ደግሞ ስለ ጠበል ምን ያውቃል!» አለች ንግስቲ። በዚህ ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

ከድጃ እግሯና ጭንቅላቷ ላይ የሚያሳክክ ቁስል ነበረባት። የክሊኒኩ ቅባት አልረዳትም፤ ማታ ማታ እስኪደማ ትፎክተዋለች። ኣደይ ለተብርሃን እንደ ልጅ ልጇ ነበርና የምትወዳት፣ አንድ ቀን ቢጫ የዘይት ጀሪካን ሞልታ አመጣችልኝ።

«ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አጠጪያት፤ ቁስሏንም እጠቢው። እሑድ ማለዳ እኔው ራሴ ወስጄ ምንጩ ውስጥ አስቀምጣታለሁ። እኔ ይኸው እየጠጣሁ አይደል? ጉልበቴ ተሻለኝ» አለችኝ።

«ላፍላው፣ ኣደይ?» አልኳት።

«ጠበል ይፈላል እንዴ! ኃይሉ ይሄዳል፣ ጓለይ። ደግሞ እንዳትደፊው፤ ጠበል እግር በሚረግጠው መሬት አይፈስም።»

ሰዒድን አማከርኩት። «ወሎ ሳለን ሼኩም ቄሱም አንድ ጠበል አይደል የሚወርዱት? ምን ይላል ይሄ ልብሽ?» አለኝ። ልቤ የሚለውን ለእሱ መንገር አቃተኝ። ለልጄ እንዳልሰጣት ወንድ ልጄ ትዝ ይለኛል። እንዳልደፋው የኣደይ ቃል ይይዘኛል። እንዳላፈላው የከለከለችኝ እናቴ ያልኳት ሴት ናት። ጀሪካኑን ክዳኑን አጥብቄ ከበሩ ኋላ አስቀመጥኩት። ኣደይ ስትጠይቀኝ እሑድን እየጠበቅኩ ነው እላታለሁ። እሑድ ደግሞ ይቀርባል።

አንድ ምሽት እራት እየበላን «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማን። በር የተመታ መሰለኝ። ሰዒድ ከፍቶ አየ፤ ማንም የለም። ተቀመጥን፤ «ጧ» አለ እንደገና። ከድጃ በዐይኗ ወደ በሩ እያሳየች፣ «እማ፣ ከበሩ ኋላ ሰው አለ» አለችኝ። ኩራዙን ይዤ ሄድኩ። ጀሪካኑ ሆዱ ተነፍቷል። ጎድጎድ ያለው ጎኑ ወደ ውጭ ተገልብጦ ወጥቷል፤ ድምፁ ይሄ ነበር። እጄን አሳረፍኩበት፤ ወጥሯል፤ እንደ እርጉዝ ሆድ ጠንክሯል። ሰዒድ ሊያስቀን፣ «ጠበሉ ሰላምታ እየሰጠን ነው» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ጀሪካኑን ወደ ውጭ አወጣሁት። በሩን ዘግቼም ሲያንኳኳ የምሰማው ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ቦኖው ጋ ወረድኩ። ያኔ ቧንቧ በተራ ነው፤ አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ፎቆቹ ላሉበት ለላይኛው ሰፈር፣ አንድ ቀን ለእኛ፤ ተራውም ይዛባል፤ አንዳንዴ ለማንም ሳይመጣ ይሰነብታል። ጠባቂው ከሩቅ በእጁ መለሰኝ። «ዛሬ የላይኞቹ ተራ ነው፣ ዘሃራ፤ ነገ ነይ።» ባዶ ጀሪካኖቼን ይዤ በወንዙ በኩል ስመለስ ምንጩ እስከ አፉ ሞልቷል። ሴቶቹ ይጠመቃሉ፤ እንፋሎቱ መሀል ራሳቸው ብቻ ይታያል። በነጋታው ስመጣ ቦኖው ለእኛ ሰጠ፤ ምንጩ ግን ጎድሏል፤ ጠጠሩን ብቻ ያረጥባል። ንጹሕ ያልሆነ ሰው ቀርቦት ተቆጥቶ ነው ይባባላሉ። ቤት ገብቼ ውሃዬን ስጥድ እጄ ቆመ። ያለፉትን ቀናት አሰብኩ። እኔ ቦኖ ላይ ተመለሽ የተባልኩባቸው ቀናት፣ ምንጩ የሞላባቸው ቀናት። የውሃ ተራ ሳስብ ነው የምውለው፤ ከእናቶች ሁሉ የበለጠ የምጨነቅበት ነገር ነው። ቀናቱ አንድ ናቸው። ማለዳ የላይኞቹ ይነሣሉ፣ ይታጠባሉ፤ ማታ ይገባሉ፣ ይታጠባሉ። ሙቀቱ የእነሱ ገላ ነበር። ማድጋ አቅፌ ተቀመጥኩ፤ ውሃው ፈልቶ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ አልተነሣሁም።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ ኣደይ መጣች። ነጭ ለብሳለች። ከድጃን ለመሸከም ነጠላዋን አዘጋጅታ፣ «ልጄ የታለች?» አለች።

በሩ ላይ ቆምኩ። በሕይወቴ ያንን ሴት መንገድ የከለከልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኣደይ፣ መጀመሪያ ይህን ይዩልኝ።»

ጀሪካኑን ግቢው መሀል አምጥቼ ክዳኑን አላላሁት። ፉጨት ወጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የማያልቅ ፉጨት። ቀጥሎ ሽታው። ኣደይ ወደ ኋላ ተራመደችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያመጡልኝ ነው።»

«ምን ጨመርሽበት?»

«ወላሂ ምንም። ከበሩ ኋላ ተቀምጦ ነው እንዲህ የሆነው። ኣደይ፣ ምንጩ የሚሞላው ላይኛው ሰፈር ቧንቧ ሲያገኝ ነው። እነሱ ውሃ ሲያጡ ይደርቃል። ቦኖ ጠባቂውን ይጠይቁት። መልአክ በፈረቃ ይመጣል?»

ኣደይ ጀሪካኑን ታያለች። ፉጨቱ ቆመ፤ ከወንዙ በኩል የሴቶቹ ዝማሬ ይሰማል። ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ያን ነጭ ልብስ ለብሳ።

«ጠጥቼዋለሁ እኮ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ለሰውም አጠጥቻለሁ» አለች።

እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ተነሥታ ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ወንዙ ሄደች። ተከተልኳት፤ «አንቺ ከልጅሽ ጋር ሁኚ» ብላ መለሰችኝ፤ እኔ ግን ከግድግዳው ጥግ ሆኜ አየሁ። ምንጩ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ መሀል ቆማ፣ «ውጡ፣ ጠበል አይደለም፤ የላይኞቹ እጣቢ ነው» አለቻቸው። ዝማሬው ተቋረጠ። የእንፋሎቱ ጭጋግ መሀል ፊታቸው አይለይም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚመጣው።

«መን ነጊሩኪ?» አለች አንዷ። ማን ነገረሽ ማለቷ ነው።

«እዛ ወሎየይቲ ትሆናለች!» አለች ሌላዋ፤ ያቺ ወሎዬ ማለቷ ነው። «የእኛ ጠበል ለእሷ ምኗ ነው?»

ሁሉም ወደ ቤቴ አቅጣጫ ዞሩ። ከጭጋጉ የወጣ ዐይን ሁሉ እኔን ያየኝ መሰለኝ። ኣደይ ግን ጀሪካኑን ከፍ አድርጋ፣

«ማንም አልነገረኝም። እኔው ነኝ ያየሁት። በእኔ ቤት ነው የተነፋው» አለች።

ያቺ ቃል ናት እኔን በዚያ ሰፈር ያኖረችኝ። ከቀናት በኋላ ሰዎች ኮረብታው ሥር ቆፍረው የተሰበረ ቱቦ አወጡ፤ ጠገኑት፤ ጫፉን ግን ከሰፈራችን በታች ወደ ወንዙ ለቀቁት። ምንጩ በአንድ ቀን ደረቀ። ቱቦውን ያዩ አመኑ። ያላዩት ግን ጠበሉን ያሸሸችው ለተብርሃን ናት አሉ፤ በማጠቢያው ቦታ ስታልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስቡ ነበር። እሷ ለማንም የእኔን ስም አልጠራችም። ያን ክረምት ሆዷን ታማ ከአልጋ አልወረደችም፤ በፈላ ውሃ አጥሚት እየሠራሁ አጠጣኋት። ተሻላት እንጂ እንደ ድሮዋ አልሆነችም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀበርናት። የከድጃ ቁስል በጨው ውሃ እየታጠበ ለብቻው ሻረ። እንቁራሪቶቹ ተመልሰው አልመጡም። ማይ ጽባሕ መጀመሪያ አረፋ አበቀለ፤ ነፋስ ሲመጣ አረፋው ተነሥቶ በደጃችን እንደ ነጭ ዶሮ ይሄድ ነበር። ከዚያ ጠቆረ። ከዚያ በሲሚንቶ ሸፈኑት፤ ከላዩ መንገድ ሠሩበት። ያ ድንጋይ ከሥር ይኑር አይኑር አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን የቆምኩት እዚያ መንገድ ላይ ነው፣ አሮጊቷ ፊት። ጎንበስ አልኩ።

«ኣደይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ጠበል አይደለም። ዐይንዎን እንዳይነኩበት።»

በሞራው ዐይናቸው ወደ ድምፄ ዞሩ። «መን ነጊሩኪ?» አሉኝ።

ከክዳኑ ሥር ውሃው ጉርጉር አለ፤ ወዲያው ከስንጥቁ የሚወጣው ወፈር ብሎ ጫማዬን ነካ። ላይኛው ሰፈር ሰው ወደ ቤቱ ገብቷል፣ ቧንቧ መጥቶለታል ማለት ነው። ሞቃት ነበር።

«ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ነኝ ያየሁት» አልኳቸው።

ክንዳቸውን ይዤ ከውሃው አራቅኳቸው። ከቦርሳዬ የማይለየኝን ጠርሙስ አውጥቼ በመዳፋቸው ላይ አፈሰስኩ። እጃቸውን ታጠቡ። ለዐይናቸው ደግሜ ሳፈስላቸው ግን መዳፋቸውን እንደ ጽዋ ይዘው ቆዩ፤ አላነሡትም።

«እዚኣስ ብርኽቲ ድያ?» አሉ። ይህችኛዋስ የተባረከች ናት?

ክዳኑ ከሥራችን «ጧ» አለ።

«ፍሉሕ እዩ፣ ኣደይ» አልኳቸው። የፈላ ነው።

አማተቡና ዐይናቸውን ታጠቡበት።